የስልሳ ዓመቱ ጦርነት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ቅመም ንግድ ከጻፍን በኋላ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ባንድ ነገር ላይ ናቸው፣ በ1600ዎቹ ፖርቱጋሎችና ደቾች (የዛሬዎቹ ኔዘርላንዶች ማለት ነው) ከብራዚል እስከ ቻይናዋ ማካው ስለተዋጉት ጦርነት። ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ትምህርት ቤት የተማርነው ቫስኮ ዳ ጋማ ህንድ ደረሰ፣ ፖርቱጋሎች ውቅያኖሱን ተቆጣጠሩት ይላል፣ ከዛ ገጹን ስትገልጠው ኢንዶኔዥያ የደቾች ሆና ታገኛታለህ። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? ማን ለማን አስረከበ?

መልስ፦ ማንም ለማንም አላስረከበም ወንድሜ፣ ስልሳ ዓመት ተገዳድለውበት ነው። ነገሩ የተነሳው ግን ህንድ ውስጥ ሳይሆን እዛው አውሮፓ ነው። በ1580 የፖርቱጋል ዘውድ ወራሽ አጣና የስፔኑ ንጉስ ፊሊፕ 2ኛ ጠቀለለው፣ ደቾች ደግሞ በዛው ሰዓት ከፊሊፕ አገዛዝ ለመውጣት እየተዋጉ ነበር፣ ስለዚህ ፖርቱጋል ሳትፈልገው የንጉሷን ጠላት ወረሰች ማለት ነው። እስከዛ ድረስ እኮ የደች መርከቦች ሊዝበን እየሄዱ ቁንዶ በርበሬና ቀረፋ ይገዙና ሰሜን አውሮፓን ያዳርሱ ነበር፣ ከፖርቱጋል ጋር አንድም ጠብ አልነበራቸውም። ፊሊፕ ወደቡን ሲዘጋባቸውና መርከቦቻቸውን ሲያስይዝባቸው ጊዜ ቅመሙን ራሳቸው ከምንጩ ለማምጣት ተነሱ።

መንገዱን ያሳያቸው ያን ሁይገን ቫን ሊንስሆተን የሚባል ደች ነው፣ ህንድ ውስጥ ፖርቱጋሎች በያዟት ጎዋ ለፖርቱጋሉ ሊቀ ጳጳስ ጸሐፊ ሆኖ ሲሰራ ቆይቶ ፖርቱጋሎች እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁትን የባህር መንገድ፣ የነፋሱን ወቅት፣ የትኛው ወደብ ጠንካራ የትኛው ደካማ እንደሆነ ሁሉንም መዝግቦ አገሩ ገባና አሳተመው፣ ዋናው መጽሐፉ በ1596 ነው የወጣው። በ1595 በኮርኔሊስ ደ ሃውትማን የተመሩ አራት መርከቦች ተነስተው ጃቫ ደረሱ፣ ከሄዱት ሰዎች ግማሽ እንኳን በህይወት አልተመለሰም፣ ግን መንገዱ እንደሚያስኬድ ታወቀ። ከዛ በኋላ ማን ያስቁማቸው።

ጥያቄ፦ ጦርነቱን ያካሄደው ኩባንያ ነው ሲባል ሰማሁ። ነጋዴ እንዴት ነው ጦርነት የሚያውጀው? መንግስት የለም ወይ?

መልስ፦ መንግስትማ አለ፣ ስልጣኑን የሰጠውም ራሱ መንግስት ነው። የደች ምስራቅ ህንድ ኩባንያ በማርች 1602 ሲቋቋም ምሽግ እንዲሰራ፣ ወታደር እንዲቀጥር፣ ከነገስታት ጋር ውል እንዲዋዋል፣ አስፈላጊ ሲሆንም እንዲዋጋ ተፈቀደለት። ወደ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር (የደቾች ገንዘብ) ካፒታል ተሰበሰበ፣ አክሲዮኑን የገዙት ሀብታሞች ብቻ አልነበሩም፣ የእጅ ሙያተኞችና የቤት ሰራተኞች ጭምር ያቅማቸውን አዋጥተዋል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ፣ አምስተርዳም ውስጥ ወለል የምትጠርግ ሴት ያስቀመጠቻት ገንዘብ የዓለም ጫፍ ላይ መድፍ ሆና ትተኩሳለች፣ እሷ ደግሞ መርከብ ገባ ሲባል ትርፏን ትጠብቃለች።

ኩባንያው ገና ሳይጠነክር ያጋጠመው ሲሳይ ሳንታ ካታሪና የምትባል የፖርቱጋል መርከብ ናት። በፌብሩዋሪ 1603 ያኮብ ቫን ሄምስከርክ በጆሆር (የዛሬዋ ማሌዥያ ደቡብ) ሱልጣን ሰዎች እየተረዳ ሲንጋፖር አጠገብ ያዛት፣ ከማካው የዛሬዋ ማሌዥያ ውስጥ ወዳለችው የፖርቱጋሎች ወደብ ማላካ ሐርና የቻይና ሸክላ እቃ ጭና ነበር የምትሄደው፣ ሴቶችና ህጻናት ጭምር ተሳፍረውባታል። ደቾች ሸራዋን እንጂ ሆዷን አንመታም ብለው ቀኑን ሙሉ ከላይ ከላይ ደበደቧት፣ ከሰመጠች እቃው አብሮ ይሰምጣላ። መጨረሻ ላይ ህይወታችንን ማሩልን ብለው እጅ ሰጡ። ጭነቱ አምስተርዳም በጨረታ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር በላይ አወጣ፣ የኩባንያውን መነሻ ካፒታል ግማሽ ሊያህል ነው በአንዲት መርከብ ብቻ!

ይሄ ዝርፊያ ነው እንጂ ንግድ አይደለም ያሉ ባለአክሲዮኖች ነበሩ፣ በተለይ ሜኖናይት የሚባሉት ጦርነትን በሃይማኖት የሚቃወሙ ክርስቲያኖች። ኩባንያው ሁጎ ግሮሺየስ የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ጠበቃ ይዞ መከላከያ አስጻፈው፣ ከዛ ጽሑፍ አንዱ ምዕራፍ በ1609 ነፃ ባህር ተብሎ ለብቻው ታተመ፣ ባህር የማንም ንብረት አይደለም ይላል። ዛሬ ዓለም አቀፍ የባህር ህግ የሚባለው አንዱ ስሩ እዚህ ጋ ነው። የሚያበሳጨኝ ነገር ግን ያው ኩባንያ በ1621 ገውዝ የሚበቅልባቸውን የባንዳ ደሴቶች ሲይዝ ለሌላ ነጋዴ ለምን ሸጣችሁ ብሎ ህዝቡን ፈጀው፣ ወደ 15 ሺህ ከሚገመተው ሰው አንድ ሺህ ገደማ ቢተርፍ ነው፣ ሌላው ተገደለ፣ ተራበ፣ ባሪያ ሆኖ ተጋዘ። ነፃ ባህር የሚለው ለነሱ መርከብ ሲሆን ብቻ ነበር የሚሰራው።

ጥያቄ፦ ፖርቱጋሎች በየቦታው ተሸነፉ ማለት ነው ወይስ ያሸነፉበትም አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ። የሞዛምቢክን ደሴት ደቾች በ1607ም በ1608ም ከበዋት ምሽጓን መስበር አልቻሉም። በጣም የሚገርመው ግን ማካው ነው። በጁን 24 1622 ከ800 ያላነሱ የደች ወታደሮች ባህር ዳር ወርደው ወደ ከተማው ሲገፉ ከተማው ውስጥ ተዋጊ ተብሎ የሚቆጠር ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አብዛኛው ለንግድ ወደ ቻይናዋ ካንተን ከተማ ሄዷል። የኢየሱሳውያን ካህናት መድፍ ኮረብታው ላይ አውጥተው ነበርና የሂሳብ አዋቂ የነበረ ጃኮሞ ሮ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ የተኮሰው መድፍ መሃል ለመሃል የደቾቹን የባሩድ በርሜል መታው ይባላል፣ ባሩዱ ፈንድቶ ሰልፉ ተበተነ። ያኔ ግር ብለው ከወጡት ውስጥ ዋናዎቹ አፍሪካውያን ባሪያዎች ናቸው፣ አንዲት ሴትም ጦር ይዛ እንደ ወንዶቹ ተዋግታለች ይባላል። ድሉ እንዳለቀ እዛው ሜዳው ላይ ብዙዎቹ ነፃ ወጡ። ማካው ያንን ቀን እስከ 1999 ድረስ የከተማዋ በዓል አድርጋ ስታከብረው ኖራለች፣ እንዲህ ሲሆን የነዚያ ሰዎች ስም እንኳን አለመቅረቱ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ስሪላንካ ለተወሰኑ ዓመታት ኖሬያለሁ፣ እዛ ሰዎች ፖርቱጋልን ለማስወጣት ደቾችን የጠራው የራሳችን ንጉስ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ግን ንጉሱ ላይ ለመፍረድ አትቸኩይ። ፖርቱጋሎች የባህር ዳሩን ሁሉ ይዘው፣ ቀረፋውን እየወሰዱ፣ ቤተ መቅደስ እያፈረሱ ነበር፣ ተራራ ላይ የቀረችው የካንዲ መንግስት ብቻ ናት። የካንዲው ንጉስ ዳግማዊ ራጃሲንሃ በማርች 1638 ጋንኖሩዋ ላይ የፖርቱጋልን ጦር ደምስሶታል፣ በየብስ የሚችለው የለም፣ መርከብና ከባድ መድፍ ግን የለውም፣ ምሽጎቹ ደግሞ ሁሉም ባህር ላይ ናቸው። ስለዚህ በሜይ 1638 ከደቾች ጋር ተዋዋለ፣ እነሱ ምሽጎቹን ሊያስለቅቁለት፣ እሱ የጦርነቱን ወጪ በቀረፋና በመሳሰለው ሊከፍል።

ውሉ በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው። የተያዙት ምሽጎች ላይ ደቾች ወታደር ያስቀምጣሉ የሚለው አንቀጽ በንጉሱ ቅጂ ላይ "ንጉሱ ከፈቀደ" ይላል፣ በደቾቹ ቅጂ ላይ ያቺ ሐረግ የለችም። ያቺ ሐረግ መላ አገሪቱን አስበላቻት። ባቲካሎዋ በ1638፣ ጋል በ1640 ሲያዙ ደቾች ወጪያችን ገና አልተከፈለም እያሉ ሂሳቡን ያስረዝሙ ጀመር፣ ንጉሱ የከፈለው አይቆጠርለትም ያልከፈለው ግን ይቆለላል፣ ምሽጉንም አይለቁም።

ኮሎምቦ ስትከበብ ደግሞ የባሰ ነው። ከ1655 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሰባት ወር ተከበበች፣ ውስጥ ያለው ሰው ውሻና ድመት በልቶ ጨረሰ፣ ረሃብና በሽታ መንገዱን በሬሳ ሞላው፣ እንጀራ ፍለጋ የሚወጣውን ምስኪን ደቾች ወደ ውስጥ ይመልሱት ነበር፣ አፍ በበዛ ቁጥር ስንቁ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። በሜይ 12 1656 እጅ ሲሰጡ ከበሩ የወጡት ወታደሮች 73 ብቻ እንደነበሩ እዛው የነበረ አንድ ፖርቱጋላዊ መኮንን ጽፏል፣ አንዳንዶቹ እጃቸው የተሰበረ ወይ እግር የሌላቸው። ራጃሲንሃ ከውጭ ሆኖ መንገድ የዘጋው፣ ለደቾች ስንቅ ያቀረበው እሱ ነው፣ ከተማዋ ስትያዝ ግን ደቾች በሩን ዘጉበት። እሱም ተናዶ በኮሎምቦ ዙሪያ ያለውን ገበሬ ሁሉ አስነስቶ ወደ ተራራው ወሰደ፣ እርሻውን አጠፋ፣ ደቾች ባዶ መሬት ታቀፉ። ሲንሃላዎች ይሄን ሲያነሱ ዝንጅብል ሰጥተን በርበሬ ተቀበልን ይላሉ፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ስለ ኤዥያ ነው፣ አፍሪካን አልነካም?

መልስ፦ ነካ ብቻ! እኔ እንደውም የጦርነቱ እምብርት እዛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለምን መሰላችሁ፣ ቅመሙ ምስራቅ ቢሆንም ትልቁ ገንዘብ ያለው ስኳር ላይ ነበር፣ ስኳር ደግሞ ያለ ባሪያ አይሰራም ነበር። በ1621 ደቾች ለአትላንቲክ ሌላ ኩባንያ አቋቋሙ፣ የምዕራብ ህንድ ኩባንያ የሚባለውን። በ1624 የብራዚልን ዋና ከተማ ሳልቫዶርን ያዙ፣ በዓመቱ የስፔንና የፖርቱጋል ጥምር መርከቦች መጥተው አስለቀቋቸው። በ1630 ተመልሰው ኦሊንዳንና ሬሲፌን ያዙ፣ የስኳሩ ማሳ ያለበትን ፔርናምቡኮን ማለት ነው። ማሳውንና መጭመቂያውን ከያዙ በኋላ ሰራተኛ ከየት ይምጣ? የባሪያ ንግዱ በፖርቱጋል እጅ ነው። ስለዚህ ከብራዚል መርከብ ልከው በ1637 በጋና ባህር ዳር ያለችውን ኤልሚናን፣ በኦገስት 1641 ደግሞ የአንጎላዋን ሉዋንዳን ያዙ። ኩባንያው በነዚያ ዓመታት ብራዚል ያስገባው አፍሪካዊ ከ20 ሺህ በላይ ነው። የነፃነት ታጋዮች ነን እያሉ ከስፔን ጋር የሚዋጉ ሰዎች ናቸው ይሄን ያደረጉት።

ንግስት ንጂንጋ የምትነሳው እዚህ ጋ ነው። በዛሬዋ አንጎላ የነበሩትን የንዶንጎና የማታምባ መንግስታት የምትመራ፣ ለዓመታት ከፖርቱጋሎች ጋር ስትዋጋም ስትደራደርም የኖረች ሴት ናት፣ ደቾች ሉዋንዳን ሲይዙ ወዲያው መልክተኛ ልካ ተወዳጀች፣ የኮንጎው ንጉስ ጋርሲያ 2ኛም እንደዛው። በ1647 ኮምቢ ላይ የሷ ጦርና ደቾች አንድ ላይ ሆነው ፖርቱጋሎችን ክፉኛ መቷቸው፣ ማሳንጋኖ ምሽግ ውስጥ ተዘግተው የቀሩትን ለመጨረስ ጥቂት ነው የቀራቸው። በኦገስት 1648 ግን ሳልቫዶር ኮሬያ ደ ሳ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ መርከቦች ይዞ መጣና ሉዋንዳን አጠቃ፣ ደቾች ለጥቂት ቀን ተታኩሰው እጅ ሰጡ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው በመርከብ ሄዱ። ንጂንጋ ብቻዋን ቀረች፣ ወደ ማታምባ አፈገፈገች፣ እጅ ግን አልሰጠችም፣ እንደገና ዓመታት ተዋግታ በ1656 በራሷ ድርድር ሰላም አወረደች። ልብ በሉ፣ አንጎላን ያስመለሰው ጦር የመጣው ከሊዝበን አይደለም ከብራዚል ነው፣ ገንዘቡንም ያዋጡት እዛ ያሉት የስኳርና የባሪያ ሰዎች ናቸው፣ አንጎላ ከሌለች ብራዚል እንደማትኖር ስለሚያውቁ።

ብራዚል ላይም ሜዳ ላይ የወደቀው ማን እንደሆነ ማየት ነው። በ1645 ባለማሳዎቹ በደቾች ላይ ተነሱ፣ አንዱ ምክንያት ለኩባንያው የነበረባቸው ከባድ እዳ ነው። አብረዋቸው የጥቁሮችን ጦር የሚመራው ኤንሪኬ ዲያስና የፖቲጓር (የብራዚል ነባር ህዝብ) ተወላጁ ፊሊፔ ካማራኦ ተሰለፉ። የካማራኦ ዘመድ ፔድሮ ፖቲ ደግሞ በደቾች በኩል ነው፣ ሆላንድ ሄዶ የተማረ ፕሮቴስታንት። ሁለቱ በራሳቸው በቱፒ ቋንቋ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፣ ካማራኦ አንድ ደም ነን ወደኛ ተመለስ ይለዋል፣ ፖቲ ደግሞ ፖርቱጋሎች በህዝባችን ላይ ያደረሱትን ረሳኸው ወይ እያለ እምቢ ይለዋል። ደብዳቤዎቹ ሄግ ውስጥ እስካሁን አሉ። የሚገርመው ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በ1648ና በ1649 ጓራራፔስ ኮረብታዎች ላይ ደቾች ሁለቴ ተሸነፉ፣ በሁለተኛው ፖቲ ተማረከ፣ ከብዙ ስቃይ በኋላ በእስር እያለ ሞተ። ሬሲፌ በጃንዋሪ 1654 እጅ ሰጠች፣ ደቾች በዛን ሰዓት ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጥመው ስለነበር ከአገራቸው የሚደርስላቸው አልነበረም።

ጥያቄ፦ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ ፖርቱጋል ለምን ጦር አልላከችም? በግራኝ ጊዜ ልካ የለም ወይ?

መልስ፦ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ተባሮ ጎዋ ከገባ በኋላ ጦር ላኩልኝ ብሎ ደጋግሞ ጠይቋል፣ ግን ማን ይላክ? ሴሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ላይ በ1630 የፖርቱጋል ጦር ከነአዛዡ አልቋል፣ ከ1636 ጀምሮ ደግሞ የደች መርከቦች በየዓመቱ የመርከብ መውጫ ወቅት እየጠበቁ ጎዋን ራሷን ይዘጓት ነበር። አፄ ፋሲለደስም ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማምተው የካቶሊክ ቄስ እንዳያልፍ በሩን አስዘጉ። የ1541ዋ ፖርቱጋልና የ1630ዎቹ ፖርቱጋል በአቅም አይገናኙም።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ማን አሸነፈ? እንዴትስ አለቀ?

መልስ፦ በኤዥያ ደቾች፣ በብራዚል ፖርቱጋሎች፣ አፍሪካ ላይ ተካፈሉት፣ ኤልሚና የደች ሆና ቀረች አንጎላ ወደ ፖርቱጋል ተመለሰች። ማላካ በጃንዋሪ 1641 ከወራት ከበባ በኋላ ወደቀች፣ እዛም የጆሆር ሱልጣን ሰዎች ባይኖሩ ደቾች ብቻቸውን አይሆንላቸውም ነበር። ፖርቱጋል በዲሴምበር 1640 ከስፔን ተገንጥላ የራሷን ንጉስ ስታነግስ የጠቡ ዋና ምክንያት ቀርቷል፣ በ1641 የአስር ዓመት ተኩስ አቁምም ተፈራርመዋል፣ ግን ሉዋንዳ የተያዘችው ከፊርማው በኋላ ነው። ቅመምና ስኳር አንዴ ከቀመሱ ንጉስ ቢቀየር ምን ያደርጋል።

በኦገስት 1661 ሄግ ላይ ሰላም ተፈራረሙ፣ ፖርቱጋል ብራዚልን ይዛ ለደቾች 4 ሚሊዮን ክሩዛዶ (የፖርቱጋል ገንዘብ) ካሳ ለመክፈል ተስማማች፣ ከፊሉ በሴቱባል ጨው ነው የተከፈለው። ከፊርማው በኋላም ደቾች በጃንዋሪ 1663 የህንዷን ኮቺንን ያዙ፣ ፖርቱጋል መልሱልን ብትልም አልመለሱም።

ጥያቄ፦ እንዲህ የሚያክል ጦርነት ለምን ተረሳ? ዛሬስ የሚታይ ነገር ቀርቷል?

መልስ፦ ደቾች ስለዛ ዘመን ሲያወሩ ከስፔን የተላቀቁበትን ነው የሚያወሩት፣ ፖርቱጋሎችም እንደዛው፣ በ1640 ከስፔን የተላቀቁበትን። ሁለቱም ጀግና የሆኑበትን መርጠው ያዙ፣ እርስ በርሳቸው ስለ ስኳርና ቀረፋ የተጋደሉበትን ተዉት። የማይረሱት ብራዚሎች ናቸው፣ የመጀመሪያው የጓራራፔስ ውጊያ ቀን፣ ኤፕሪል 19፣ የብራዚል ጦር ሰራዊት ቀን ነው። አንጎላም ለንጂንጋ ሉዋንዳ ላይ ሀውልት አቁማለች።

የሚታይማ ሞልቷል። ማላካ ከሄዳችሁ ከትልቁ የፖርቱጋል ምሽግ የቀረችው አንዲት በር ናት፣ ቀና ስትሉ ደቾች በኋላ የለጠፉት የኩባንያው አርማ ከነ1670 ቁጥሩ አለ። የጋል ምሽግ እስካሁን ሰው ይኖርበታል፣ በሩ ላይ ያው አርማ አለ። ኤልሚናም እንደቆመች ነው፣ ግቢዋ ውስጥ የፖርቱጋሎቹን ቤተ ክርስቲያን ደቾች ወስደው ለሌላ ስራ አዋሉት፣ ከስር ያሉትን የባሪያ ክፍሎች ግን ለዛው ለባሪያ ንግድ ተጠቀሙባቸው።